የፈጣን አድራሾች ንግድና የሻጩ ኀላፊነት

ንግድ ዕቃንና ገዢን የሚያገናኝ ሥራ እንደ መሆኑ መጠን፣ በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ የሚያሳጥር ዘዴ በተገኘ ቍጥር ነጋዴው ደስ ብሎት መቀበሉ የተገባ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በአዲስ አበባ ምግብና ሸቀጥ በእጅ ስልክ መተግበሪያ ታዝዞ በሞተር ብስክሌት እስከ ደጃፍ የሚደርስበት አሠራር ተለምዷል። ለታመመ፣ ለአረጋዊና አራስ ላለችበት ቤት የሚሰጠው ጥቅም ግልጽ ስለ ሆነ፣ ዘዴውን በጅምላ መንቀፍ አይገባም። ጥያቄው የሚነሣው በሞተሩ ሣጥን ውስጥ ስለሚጫነው ዕቃ ነው።

ይህ ንግድ በውጭ አገር አስቀድሞ ተሞክሯል። ጎፓፍ የተባለው ኩባንያ በፊላዴልፊያ በ2013 እ.ኤ.አ. በሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተመሠረተ፤ በኢስታንቡል ጌቲር በ2015፣ በበርሊን ደግሞ ጎሪላስ በ2020 ተከተሉ። ጎሪላስ ዕቃውን በ10 ደቂቃ አደርሳለሁ ብሎ ተነሣ። ለዚህም ሲባል በየሰፈሩ ደንበኛ የማይገባባቸው፣ መጋዘን የሚመስሉ መደብሮች ተከፈቱ፤ አምስተርዳምና ሮተርዳም በ2022 መጀመሪያ አዳዲሶቹ እንዳይከፈቱ ለጊዜው አገዱ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጎሪላስን ጌቲር ገዛው፤ ጌቲር ራሱም በ2024 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ወጥቶ ወደ ቱርክ ገበያው ተመለሰ። ሩጫ ብቻውን ትርፍ አለመሆኑን ሒሳብ የሚያውቅ ነጋዴ ከዚህ ሊረዳ ይችላል።

ለመሆኑ በ10 ወይም በ30 ደቂቃ ውስጥ ይድረስልኝ የሚል ሰው የሚያዘው ምንድን ነው? አንድ ኩንታል ጤፍ በችኮላ የሚያዝ የለም፤ ዘይትና ሳሙናም ለነገ ቢቆዩ ግድ የለም። ችኮላው የሚበረታው በቢራው፣ በአረቄው፣ በሲጃራው፣ በጣፋጭ መጠጡና በዘይት በተጠበሰው ምግብ ላይ ነው። የጤና ባለሙያዎች የሚሠጉትም በዚሁ ነው። ቀድሞ ሌሊት መጠጥ ያለቀበት ሰው ልብሱን ለብሶ፣ ወጥቶ፣ የተከፈተ ቤት መፈለግ ነበረበት፤ ብዙውን ጊዜም ስንፍናው ከጥማቱ በልጦ ይተኛ ነበር። ያ ስንፍና የጤናው ዘበኛ ነበር። ዛሬ ግን የሰከረው ሰው ከተቀመጠበት ሳይነሣ ያስጨምራል፤ ፊቱን አይቶ «በቃህ» የሚለው አሳላፊ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ብቻ በአልኮል ምክንያት 2.6 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዓለም ላይ እንደ ሞቱ መገመቱን ማስታወስ ይበቃል።

በአገራችን የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮልም ሆነ ትምባሆ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሆኖም ይህ ክልከላ ሻጩና ገዢው ፊት ለፊት ሲተያዩ ይሠራል፤ ካልተያዩ ግን ማን ያስፈጽመዋል? እርግጥ የሰፈር ባለ ሱቅም ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም፤ አባቱ የላከውን ሕፃን ቢራ አሸክሞ የሚመልስ ሞልቷል። ነገር ግን ባለ ሱቁ ቢያንስ የልጁን አባት ያውቃል፤ ሞተረኛው የሚያውቀው የቤቱን ምልክትና የስልኩን ቍጥር ብቻ ነው። ክፍያው በደረሰ ዕቃ ልክ ከሆነም፣ «መታወቂያህን አሳየኝ» ብሎ ቢከራከር ጊዜው ያልፍበታል፤ ዕቃውን ይዞ ቢመለስ የነዳጁን የሚተካለት የለም። ሕጉን እንዲያስከብር ከሁሉ ይልቅ የተተወው፣ ሕጉን ቢያስከብር ከሁሉ ይልቅ የሚከስረው ሰው ነው።

በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ክፍለ ግዛት ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዕለቱ ታዝዞ በዕለቱ ለሚደርስ መጠጥ የተለየ ደንብ አለው። የተቀባዩ ዕድሜ ይረጋገጣል፤ ለሰከረ ሰው አይሰጥም፤ አድራሹ ሥልጠና ይወስዳል፤ ከእኩለ ሌሊት፣ እሑድም ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ማድረስ አይፈቀድም። መጠጥ ሻጮቹም በዚህ ምክንያት ንግዳቸውን አልዘጉም።

«እኔ ብተወው ሌላው ይሸጠዋል» የሚል መልስ በነጋዴዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ እውነትነትም አለው። አንዱ ብቻውን ቢታቀብ ገበያውን ለጎረቤቱ ያስረክባል። ስለዚህ ጉዳዩ ለማኅበር እንጂ ለግለሰብ የሚተው አይደለም። የአልኮል ማስታወቂያ በ2011 ዓ.ም. ከራዲዮና ከቴሌቪዥን ሲታገድ፣ ነጋዴው ራሱ አስቀድሞ ልክ ባያበጅ ልኩን መንግሥት እንደሚያበጅለት ታይቷል። መጠጥ አስመጪዎች፣ አከፋፋዮችና ባለ ሱቆች ከመተግበሪያ ባለቤቶች ጋር በሚፈርሙት ውል ላይ ጥቂት ቃል ቢያስገቡ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ይኸውም መጠጥና ሲጃራ መታወቂያ ታይቶ በእጅ ብቻ እንዲሰጥ፣ በሌሊት የዋጋ ቅናሽ መልእክት ወደ ስልክ እንዳይላክ፣ በዕድሜ ወይም በስካር ምክንያት ዕቃውን ይዞ የተመለሰ ሞተረኛም የመልስ ጉዞው ሳይቀር እንዲከፈለው ነው። የዚህ የመጨረሻው ወጪ ከሻጩ ትርፍ ላይ ሊነሣ ይገባል፤ ከሞተረኛው ደመወዝ ላይ ከተነሣ ግን የቀረው ቃል ሁሉ በወረቀት ላይ ይቀራል።