ባሕሩ ቢሄድም ነፋሱ አለ

በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ስትለይ ባሕሩም አብሮ ሄደ። ታዲያ እኛ ዱከሞች ጥንድ ጥንድ ሆነን በጀልባ መንሸራሸር ሲያምረን ታክሲ ይዘን ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ እንወርዳለን። «ሐይቅ ምን አለው!» የሚል አይጠፋም። ባቦጋያ ግን የፈነዳ እሳተ ገሞራ አፍ ነው፤ ጥልቀቱ ከ60 ሜትር ይበልጣል። ዙሪያውን ገደል ስለከበበው ደመናው አናት ላይ ሳይደርስ አይታይም። ክረምት ሲቃረብ ደግሞ ጠዋት የሳቀ ሰማይ ከሰዓት ያኮርፋል።

ላይፍ ጃኬቱን ለፎቶ ብለው የሚያወልቁትን ተዋቸው። የሚያናድደን ሌላ ነው፦ ቀዛፊው «ነፋስ መጣ፣ እንመለስ» ሲል «ሙሉ ዙር አይደል የከፈልነው?» የሚሉት! እሱም እንጀራው ነውና ዝም ብሎ ይቀዝፋል። ስለዚህ እንዲህ እንላለን፦ ከመንገድ የመለሰን ቀዛፊ ሙሉ ሒሳቡን ይቀበል። የቀረውን ወሬ ዳር ላይ ቡና ይዘን እንጨርሰዋለን።