ወርቅና ወርቅ ሠሪው

የአንድ አገር ሀብት የሚለካው ከምድሩ በሚወጣው ብቻ አይደለም፤ የሕዝቡ እጅ በሚጨምርበት ዋጋ ጭምር ነው እንጂ። በሳሪስ አደይ አበባ የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከፈትል ፋብሪካ ነው፤ በዚያ ጥጥ ክር ሆኖ ሲወጣ ለብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ ሆኖአል።

ወርቅ ግን ይህን ዕድል ገና አላገኘም። በ2017 በጀት ዓመት ከቡና የበለጠ የውጭ ምንዛሪ ቢያስገባም፤ ባሕላዊ አምራቾች ለብሔራዊ ባንክ የሚሸጡት ወርቅ ጌጥ ሳይሆን ወደ ባዕድ አገር ይላካል። ባንኩ ምንዛሪ መሰብሰቡ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ወርቅ ሠሪው በሕጋዊ መንገድ የሚገዛው ወርቅ ካጣ ሙያው ይደክማል፤ ኮንትሮባንድም በር ያገኛል።

በወሎ፤ በደላንታ በ2000 ዓ.ም. የተገኘው ኦፓል ለዚህ ትምህርት ይሰጣል። ድንጋዩ በአገር ውስጥ ተቆርጦ እንዲሸጥ ታስቦ ጥሬው እንዳይወጣ በኋላ ተከልክሎ ነበር። ክልከላ ብቻውን ግን ድንጋይ ቆራጭ አያፈራም፤ መሣሪያና ትምህርት ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ሕጉ ሲሻሻል፤ ፈቃድ ያላቸው ሠሪዎች ከባንኩ ተመዝኖና ተመዝግቦ ወርቅ የሚገዙበት፤ ሥራቸውም በጥራት ማኅተም ተረጋግጦ ለውጭ ገበያ የሚቀርብበት ደንብ ሊወጣ ይገባል። ለጥጥ የተገኘው ብልሃት ለወርቅ አይጠፋምና።