አሮጌ ቤዝ ጊታር ሲገዙ በመጀመሪያ ዳጉ ይጠይቁ

በአፋር ምድር ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም፡፡ ቆም ብለው ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ከየት እንደመጡ፣ በመንገድ ምን እንዳዩ፣ ምን እንደሰሙና ከማን እንደሰሙት ይነጋገራሉ፡፡ ይህ ዳጉ ይባላል፡፡ ወሬ የሚያቀብል ሰው ራሱ ያየውን ከሌላ ከሰማው ለይቶ መናገር ይጠበቅበታል፡፡ የዚህ ዓምድ አንባቢ ነጋዴ ነውና «ይህማ የገበያ መረጃ ነው» እንደሚል አልጠራጠርም፡፡ ስለ አንድ እንግዳ ዕቃ፣ ማለትም ስለ አሮጌ የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ንግድ ለመጻፍ ስነሳ ዳጉን ማስቀደሜ ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ ዳጉ ሳልጠይቅ ገዝቼ ኪሴ ተጎድቷል፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ከጥቂት ዓመታት በፊት በጭነት ሥራ ምክንያት አዋሽና ሠመራ እመላለስ በነበረበት ጊዜ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ አንድ ደላላ ጠጋ አለኝና «ጋሼ፣ ከድሮ ሆቴል ዕቃ ቤት የወጣ ጊታር አለ፤ ቆራሌው ሳይወስደው ይዩት» አለኝ፡፡ ሄጄ አየሁት፡፡ አራት ክር ያለው፣ ከባድ፣ ቅቡ የተሰነጣጠቀ፣ ጠርዙ ላይ እንጨቱ የገጠጠ፣ ራሱ ላይ የሲጋራ ቃጠሎ ያለበት ዕቃ ነው፡፡ ጽሑፉ ፌንደር ይላል፡፡ ደላላው በመጀመሪያ «የክቡር ዘበኛ ነው» አለ፤ ጥቂት ቆይቶ «የባቡር ሠራተኞች ክበብ ነው» አለ፤ ዋጋ ስንከራከር ደግሞ የአንድ ስመ ጥር ሙዚቀኛ ሆነ፡፡ አንድ ስኒ ቡና ጠጥተን ሳንጨርስ ሦስት ባለቤት ተፈራረቀበት!

የሆነ ሆኖ ገዛሁት፡፡ የተሰነጣጠቀው ቅብ አላማረኝም ነበርና አይሱዙ ለሚቀባ አንድ ልጅ ሰጠሁት፡፡ ልጁ ባለሙያ ነው፤ አሮጌውን ቅብ እስከ እንጨቱ ፍቆ ቀይ የመኪና ቀለም ረጨበት፡፡ ሲያብለጨልጭ ደስ አለኝ፡፡ ከዚያ ሠመራ ወስጄ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ከነክሩ አስቀመጥኩትና ሁለት ሰኔ፣ ሁለት ሐምሌ አለፈበት፡፡ በመጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ለአንድ አንጋፋ ቤዝ ተጫዋች ባሳየው፣ ሰውዬው ካቻቪቴ አውጥቶ አራቱን ብሎኖች ፈታና አንገቱን ከገላው ነጠለው፡፡ በአንገቱ ተረከዝ ላይ የታተመው ቀን 1966 ይላል፡፡ «ጋሼ፣ ዕቃው እውነተኛ ነው» አለኝ፤ «ግን ቅቡን አስፍቀው ግማሹን ዋጋ ጥለውታል፤ የቀረውን ደግሞ ሠመራ ላይ ቀቅለውታል፡፡»

ግማሽ ማለቱ ማጋነን አይደለም፡፡ በዓለም የአሮጌ ጊታር ገበያ የመጀመሪያ ቅቡን ያጣ ዕቃ ካላጣው ጋር ሲነጻጸር በግምት ግማሽ ዋጋ ያወጣል የሚለው በነጋዴዎቹ ዘንድ የተለመደ መለኪያ ነው፡፡ አሮጌ መኪና ሲቀባ ዋጋው ይጨምራል፤ አሮጌ ጊታር ሲቀባ ይወድቃል፡፡ ለእኛ አገር ነጋዴ ይህ ግራ የሚያጋባ ሒሳብ ነው፡፡

ለመሆኑ የዚህ እንጨት ዋጋ ከየት መጣ? ሊዮ ፌንደር የተባለው አሜሪካዊ የራዲዮ ጠጋኝ እ.ኤ.አ. በ1951 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፕሪሲዥን ቤዝ የተባለውን ሠርቶ ለገበያ አቀረበ፡፡ ከዚያ በፊት የባንድ ቤዝ ማለት ቁመቱ ሰው የሚያክል፣ ከሌላው መሣሪያ ጋር ድምፁ የማይሰማ ትልቅ ሣጥን ነበር፡፡ በ1960 ጃዝ ቤዝ ተከተለ፡፡ ጥር 1965 ላይ ፋብሪካው ሲቢኤስ ለተባለው የብሮድካስት ኩባንያ በ13 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፡፡ ገዢዎች ከዚያ ሽያጭ በፊት የተሠራውን ከበኋላው ለይተው ያስቀድማሉ፤ ጥራቱ በአንድ ሌሊት ባይወርድም የምርት ብዛት እየጨመረ ሲሄድ ጥንቃቄው መቀነሱን ብዙዎች ይስማሙበታል፡፡ በ1985 ኩባንያውን የራሱ ሠራተኞች ገዙት፡፡ ዛሬ ሳይነካ የቆየ የ1960ዎቹ መጀመሪያ ጃዝ ቤዝ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ይጠየቅበታል፡፡

የዕቃውን ዕድሜ ማወቅ አስማት የለውም፡፡ የአንገቱ ተረከዝ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ወይም የታተመ ቀን ይፈለጋል፡፡ ከዚያ የድምፅ መጨመሪያና መቀነሻው ቁልፍ ሥር ያለው ክፍል ተገልብጦ ቁጥሩ ይነበባል፤ 304 ብሎ ከጀመረ ስታክፖል፣ 137 ብሎ ከጀመረ ሲቲኤስ የተባለው አምራች ነው፤ የሚከተሉት ቁጥሮች ዓመቱንና ሳምንቱን ያመለክታሉ፡፡ ነገር ግን ፌንደር በ1966 እጅግ ብዙ ቁልፍ በአንድ ጊዜ ገዝቶ ለዓመታት ሲጠቀምበት ስለቆየ፣ 66 የሚል ቁልፍ ያለው ጊታር ሁሉ የ1966 አይደለም፡፡ ቁጥሩ የሚያረጋግጠው ዕቃው ከዚያ በፊት አለመሠራቱን ብቻ ነው፡፡ የብየዳው እርሳስ አዲስ ሆኖ የሚያበራ ከሆነ ደግሞ እጅ ገብቶበታል ማለት ነው፡፡ ተከታታይ ቁጥሩ እስከ 1976 ድረስ ከኋላ ባለው ብረት ላይ ይመታ ስለነበር፣ ብረቱን ፈትቶ ሌላ ጊታር ላይ መግጠም ለአጭበርባሪ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፡፡

ብሎን አይፈታም የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ቡናዎን ጨርሰው ይሂዱ፡፡

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ፡፡ ይህ ጸሐፊ የሚከራከርበት ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው፡፡ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተወሰነና አንድ ዶላር በወራት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ወደ መቶ ቤት ከተሻገረ ወዲህ «አሮጌ ጊታር ዶላር ነው» የሚል ወሬ በአንዳንድ ደላሎች አፍ ሲዘዋወር ይሰማል፡፡ ላም አለኝ በሰማይ ካልሆነ በስተቀር ይህ ሒሳብ አያስኬድም፡፡ የአሮጌ ጊታር ዋጋ እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ድረስ ሽቅብ ከተመዘዘ በኋላ የዓለም የፋይናንስ ቀውስ ሲመጣ ወርዶ ብዙ ሰብሳቢ አሸማቆ ነበር፡፡ ከዚህ አገር ሆኖ ለመሸጥ ደግሞ ማጓጓዣው፣ ወረቀቱ፣ የውጭው ነጋዴ ትርፍ አለ፡፡ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ በተሠሩት ላይ የሚገኘው የጣት ሰሌዳ የብራዚል ሮዝውድ ከሆነ ደግሞ፣ ያ እንጨት ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፉ የዱር ሀብት ንግድ ስምምነት ጥብቅ ዝርዝር ውስጥ ስላለ ድንበር የሚሻገረው በፈቃድ ነው፡፡ አፋሩ ግመል ገዝቶ ዋጋ እስኪወጣ ቢጠብቅ እየጠበቀ ወተት ይጠጣል፡፡ ጊታር ግን ካልተጫወቱበት ወይም ለባንድ ካላከራዩት የሚታለብ ነገር የለውም፡፡

እንግዲያው አትግዙ ማለቴ ነው? አይደለም፡፡ ፌንደር የሚለውን ስም በዶላር ዋጋ ተሻምተን መግዛት የኛ ገበያ አይደለም፤ የኛ ገበያ ሌላ ሰው የሌለው ነገር ነው፡፡ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ በሆቴልና በምሽት ክበብ የተጫወቱት ባንዶች ሥራ ዛሬ በዓለም ይታወቃል፡፡ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የጀመረው የሸክላ አሳታሚ ድርጅትና ካይፋ ያወጧቸው ሸክላዎች በቡዳ ሙዚክ የኢትዮፒክስ ተከታታይ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እንደገና ታትመው በየአገሩ ተሰምተዋል፡፡ የአይቤክስ ባንድ፣ ኋላም የሮሃ ባንድ ቤዝ ተጫዋች ጆቫኒ ሪኮ ከጊታሪስቱ ሰላም ሥዩም ጋር ሆኖ ስንቱን ዘፋኝ አጅቧል! በማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» የሚሰማው የአይቤክስ ሥራ ነው፡፡ በሂልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው ዋሊያስ ባንድ በ1977 እ.ኤ.አ. «ቸ በለው» የተባለውን ሸክላ አወጣ፤ በ1981 ወደ አሜሪካ ተጉዞ ከፊሎቹ አባላት እዚያው ቀሩ፡፡ ከእነርሱ አንዱ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ ኖሮ፣ የ1985 ካሴቱ በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም ለሁለተኛ ጊዜ አገኘው፡፡

ሸክላዎቹ ምን ሆኑ? በየቤቱ፣ በየሱቁ ተጥለው የነበሩት ተለቅመው ለውጭ ሰብሳቢ ሲሸጡ ዝም ብለን አየን፡፡ ዛሬ የመጀመሪያውን እትም መልሶ መግዛት የፈለገ ኢትዮጵያዊ በውጭ ምንዛሪ ይከፍላል፡፡ መሣሪያዎቹ ግን ገና ሙሉ በሙሉ አላለቁም፡፡ በየሆቴሉ ዕቃ ቤት፣ በየድሮው የኪነት ቡድን መጋዘን ውስጥ ማን እንደተጫወተበት የሚያውቅ ሰው በሕይወት ያለለት ቤዝ ጊታር ዛሬም አለ፡፡ ሰውየው ሲያልፍ ዕቃው ስም የሌለው እንጨት ይሆናል፡፡

የስም ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት የፖል ማካርትኒን ሆፍነር ቤዝ መመልከት ይበቃል፡፡ በ1961 እ.ኤ.አ. ሐምቡርግ ውስጥ በ30 ፓውንድ ገደማ የተገዛ ርካሽ ጊታር ነው፡፡ በ1972 ለንደን ላይ ከመኪና ተሰረቀ፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ መገኘቱ የካቲት 2024 ላይ ተነገረ፡፡ የተመለሰው የማን እንደሆነ የሚያሳይ ፎቶግራፍና ምስክር ስለነበረ ነው እንጂ፣ ያለዚያማ የተሰበረ አሮጌ ሆፍነር ሆኖ በቀረ፡፡

ስለዚህ ከባለቤቱ ጋር ዳጉ ይቀመጡ፡፡ ዕቃውን ማን አመጣው፣ በየት ገባ፣ የትኛው ባንድ ተጫወተበት፣ ማን አይቷል? ራሱ ያየውንና የሰማውን ይለይልዎ፤ ያስጽፉት፤ ያስፈርሙት፤ መሣሪያው ከሰው ጋር የሚታይበት የድሮ ፎቶግራፍ ካለ ቅጂ ይውሰዱ፡፡ ወረቀቱ ያለው የጃፓን ቤዝ ወረቀት ከሌለው ፌንደር ይልቅ እዚህ አገር ዋጋ ሊኖረው ይገባል ብዬ አምናለሁ፡፡ አንዳንዱ ሰው ጃፓን ሲባል አፍንጫውን ይነፋል፡፡ ይሁን እንጂ በ1970ዎቹ መጨረሻ የተሠሩት ምን ያህል ጥሩ እንደነበሩ ፌንደር ራሱ በ1982 ጃፓን ውስጥ ማምረት መጀመሩ ይመሰክራል፡፡

ዕቃው በእጅዎ ከገባ ደግሞ ከአዋሽ በታች ያለውን ፀሐይ አይናቁ፡፡ የቤዝ አራት ክሮች ተወጥረው ሳለ አንገቱን ከ70 ኪሎ ግራም በሚበልጥ ኃይል ይጎትቱታል፡፡ ጥላ ሥር 40 ዲግሪ በሚያልፍባት ሠመራ ፀሐይ የሚመታው ኮንቴይነር ወይም የቆርቆሮ መጋዘን ውስጡ ከዚያ እጅግ ይብሳል፤ ሙጫ ይለሰልሳል፣ አንገት ይጎብጣል፡፡ የጊብሰን ዓይነቱ አንገቱ የሚያያዘው በሙጫ ስለሆነ ከፌንደሩ ባለ ብሎን የበለጠ ይጠቃል፡፡ የደረቀው አየር ደግሞ የጣት ሰሌዳውን እንጨት ስለሚያኮማትረው የፍሬቶቹ ጫፍ ወጥቶ እንደ መጋዝ እጅ ይቆርጣል፡፡ ስለዚህ በቀዝቃዛው ክፍል፣ በሣጥኑ ውስጥ፣ ክሩ በመጠኑ ላልቶ ይቀመጥ፡፡ ከጅቡቲ በሚመለስ ከባድ መኪና ጋቢና ከሹፌሩ ኋላ ይሻላል እንጂ ከሸራ በታች አይጫን፡፡ ግድግዳ ላይ መስቀልም አላምንበትም፤ በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ ከግድግዳ የወደቀውን ዕቃ ነዋሪው ያስታውሰዋል፡፡

ቀዩ ጊታሬ አንገቱ ውስጥ ያለው የብረት ዘንግ ተጠብቆ በመጠኑ ቀንቷል፡፡ አይሸጥም፤ የሚገዛውም የለም፡፡ አንድ የሠርግ ባንድ በኪራይ ይወስደዋል፡፡ ድምፁ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከቀለሙ ጋር አልሄደም፤ ባቲ ሲጫወቱበት ታችኛው ክር ደረት ውስጥ ይገባል፡፡ በገና እየሰማ ያደገ ሰው ይህን ድምፅ ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል፡፡

ባለፈው ወር ሎጊያ ላይ ሌላ ተገኘ ተብዬ ሄድኩ፡፡ ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ ዕቃው የሟች ባለቤታቸው ነው፡፡ ካቻቪቴ ሳወጣ «ምነው ልጄ፣ ልታፈርሰው ነው?» አሉኝ፡፡ አስረድቼ ፈታሁት፤ ጃፓን ሠራሽ ነው፣ ቅቡ አልተነካም፡፡ ከዚያ ተቀምጠን ከማን እንደተገዛ፣ የት የት ሠርግ እንደተጫወተ፣ የትኛው ዓመት ክሩ እንደተቀየረ እርሳቸው ሲናገሩ የልጅ ልጃቸው ጻፈች፡፡ ሦስት ገጽ ሞላ፡፡ በዋጋው ገና አልተስማማንም፤ እርሳቸው ሦስቱ ገጽ ከተጻፈ ወዲህ ዋጋ ጨምረዋል፡፡