የቤት ኮምፒውተር የአንድ ሰው አይደለም

ስለ ሰላይ ሶፍትዌር በተነሳ ቁጥር ከወዳጅ ከዘመድ የምሰማው መልስ አንድ ነው፤ «እኔ ምን የምደብቀው አለኝ?» ይሉኛል። በቅንነት የሚነገር ቢሆንም ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው። ስህተቱ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ሁሉ የተናጋሪው ብቻ እንደሆነ መቁጠሩ ነው። ሳሎን ጥግ የተቀመጠው ኮምፒውተር የልጅ የቤት ሥራ፣ የእህት ፓስፖርት ቅጂ፣ የታመመ አባት የምርመራ ውጤት፣ ከአገር ቤት የደወለ ወንድም ድምፅ ያለበት ነው። ይህ ሁሉ አደራ ነው። የሰውን አደራ ይዞ «የምደብቀው የለኝም» ማለት አይቻልም።

ለዚህ ከአንድ የፍርድ ቤት መዝገብ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። በ2014 እ.ኤ.አ. ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ የዲጂታል መብት ተሟጋች በሆነው በኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ድጋፍ የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። ቤተሰቡን ለመጠበቅ ሲል መዝገቡ ላይ «ኪዳኔ» በሚል መጠሪያ ቀረበ። ክሱ እንደሚለው ፊንስፓይ የተባለው ሰላይ ሶፍትዌር ከኦክቶበር 2012 መጨረሻ እስከ ማርች 2013 ድረስ የቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ የስካይፕ ጥሪዎቹን ይቀዳ፣ ኢትዮጵያ ወደሚገኝ ሰርቨር ይልክ ነበር። የተቀዳው ግን የእሱ ብቻ አልነበረም። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጁ ለታሪክ ትምህርት ያደረገው የኢንተርኔት ፍለጋ ሳይቀር አብሮ ተመዝግቧል። ያ ልጅ ምን ፖለቲካ ነበረው? ምንስ የሚደብቀው ነበረው? ጥፋቱ የአባቱን ኮምፒውተር መጠቀሙ ብቻ ነው።

አገባቡ ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። በር የሰበረ የለም። ሶፍትዌሩ የመጣው በኢሜይል አባሪ፣ የወርድ ሰነድ መስሎ ነው። ኢሜይሉን ያስተላለፈለትም እንግዳ ሰው ሳይሆን የሚያውቀው ሰው ነው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ እንዲሉ፣ ላኪውም እንደ ተቀባዩ የተታለለ ሊሆን ይችላል። የቶሮንቶው የምርምር ተቋም ሲቲዝን ላብ ስለ ፊንስፓይ ያጠናውን ማርች 13 ቀን 2013 ይፋ ሲያደርግ፣ ኪዳኔ ቤት የነበረው ፕሮግራም ከአምስት ቀን በኋላ ራሱን ለማጥፋት ሞከረ። አሻራው ግን ቀረ፤ የታወቀውም በዚያ ነው። ፍርድ ቤቶቹ በ2016 እና በ2017 ክሱን የዘጉት ነገሩ አልተፈጸመም ብለው አይደለም። የውጭ መንግሥት ያለመከሰስ ከለላ አለው፣ ድርጊቱም ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ምድር ላይ የተፈጸመ አይደለም በሚል ነው። ከዚህ የምወስደው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ከተሰለሉ በኋላ ሕግ ላይደርስልን ይችላል። መከላከሉ እቤት ነው።

«እኔ እኮ ፖለቲከኛ አይደለሁም» የሚል አይጠፋም። የባንክና የኢሜይል የይለፍ ቃል የሚፈልግ ሌባ ፖለቲካ አይጠይቅም። በቅርቡ አንድ ዘመዴ ላፕቶፑን ይዞ «ኦፊስ ጫንልኝ፣ ፋይሉን አምጥቻለሁ» አለኝ። የፍላሹን ፎልደር ከፈትኩት። የታሸገ ዚፕ ፋይልና አንዲት የጽሑፍ ፋይል አሉ። ጽሑፏ ሁለት መስመር ናት፤ በመጀመሪያው የዚፑ የይለፍ ቃል፣ በሁለተኛው «ከመጫንህ በፊት አንቲቫይረስህን አጥፋ» የሚል ትእዛዝ። ዚፑ በይለፍ ቃል የሚቆለፈው አንቲቫይረስ ውስጡን እንዳያይ ነው። ቀጥሎ ባለቤቱ ራሱ ዘበኛውን እንዲያሰናብት ይጠየቃል። እንዲህ የሚገባ ሌባ ብራውዘር ውስጥ ያስቀመጥናቸውን የይለፍ ቃሎች ይሰበስባል። ኩኪዎቹንም ይወስዳል፤ በእነሱ የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ እንደ እኛ ሆኖ አካውንታችን ውስጥ ሊገባ ይችላል። ዘመዴን ፋይሉን አስጠፋሁት፤ በምትኩ ነፃውን ሊብሬኦፊስ ጫንኩለት። ደብዳቤውንም ሲቪውንም በእሱ ይጽፋል።

መከላከያው ውድ አይደለም። ዊንዶውስም ብራውዘርም አፕዴት ሲጠይቁ «በኋላ» አይባሉ፤ የሚደፈነው ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ነው። ለየዕለት ሥራ የአድሚኒስትሬተር ሥልጣን የሌለው አካውንት ይከፈት፤ ለልጆችም ለብቻቸው። ዊንዶውስ የፋይል ስም መጨረሻን ስለሚደብቅ እንዲያሳይ ይደረግ፤ ያኔ ፎቶ መስሎ የመጣው ፋይል መጨረሻው «ኢኤክስኢ» ከሆነ ፕሮግራም መሆኑ ይታወቃል። ያልጠበቁት አባሪ ሲመጣ ላኪው ዘመድ ቢሆንም ሳይከፍቱ ደውሎ «አንተ ነህ የላክኸው?» ማለት ነው። ገብቷል የሚል ጥርጣሬ ካለ ኢንተርኔቱን ማቋረጥ፣ የይለፍ ቃሎችን ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ መለወጥ፣ በየአካውንቱ ከገቡት መሣሪያዎች ሁሉ መውጣት፣ ሰነዶችን አስቀምጦ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው። ማጽጃ ፕሮግራም ብቻ ማስሮጥ አያስተማምንም።

«የመንግሥት ሰላይ ከፈለገ መግባቱ አይቀርም» የሚለው ሙግት ብዙ አያቆመኝም። አንድም ጠቅታ ሳይጠይቁ የሚገቡ መሣሪያዎች መኖራቸው እውነት ነው። ኪዳኔ ቤት የገባው ግን አንድ ሰነድ እስኪከፈትለት ጠብቋል። የዘመዴም ሌባ አንቲቫይረሱ እስኪጠፋለት ይጠብቅ ነበር። ሁለቱም በባለቤቱ እጅ የሚከፈት በር ይፈልጋሉ።

ስለዚህ ጥያቄው «ምን እደብቃለሁ?» ሳይሆን «የማንን አደራ ይዣለሁ?» ነው። አንድ ቤተሰብ ሳያረጋግጥ አለመክፈትን ልማድ ካደረገ፣ እንዲህ ያለ ሰላይ የሚገባበት በር ያጣል።