የአባቴ እርማት

ባለፈው ሳምንት ቤት ስናጸዳ የ13 ዓመቷ ልጄ አንድ አሮጌ ሲዲ አገኘች። ላዩ ላይ በእኔ የእጅ ጽሑፍ «መርጡለ ማርያም፣ 1995 ዓ.ም.» ይላል። «አባዬ፣ ፊልም ነው?» አለችኝ። ፊልም አይደለም፤ በሕይወቴ የሠራሁት የመጀመሪያው ድረ ገጽ ነው።

ያኔ አዲስ አበባ ተማሪ ነበርኩ። ኢንተርኔት ቤት በደቂቃ እየከፈልኩ፣ አንዱን ከመጽሐፍ ሌላውን ከጓደኛ እየቃረምኩ፣ ስለ ትውልድ ከተማዬ ገጽ ሠራሁ። መደቡ አረንጓዴ፣ ርዕሱ ብልጭ ድርግም የሚል፣ ከታች የጎብኚ መቁጠሪያ ያለው። ቁጥሩ 40 ሲደርስ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ አብዛኛውን ጊዜ የከፈትኩት ግን እኔው ነበርኩ።

ጽሑፉ የአባቴ ነበር ማለት ይቻላል። ንግሥት እሌኒ ስላሠራችው ቤተ ክርስቲያን፣ እስከ ዛሬ ስለሚታየው የተጠረበ ድንጋይ ፍርስራሽ፣ ስለ ቤታችንም፣ ክረምት ስሄድ የተረከልኝን ነው የጻፍኩት። አባቴ ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል።

የሲዲ ማጫወቻ ተውሰን ከፈትነው። ሥዕሎቹ መጡ፤ ጽሑፉ ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ሆነብን። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል አሠራር ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን ብዙዎቻችን ለዓመታት የምንጽፈው በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ አማርኛን በሚያስቀምጡ ሶፍትዌሮች ነበር። ያ ፊደል ያልተጫነበት ኮምፒውተር አያነበውም። ገጹም ከኢንተርኔት ላይ ከጠፋ ቆይቷል። በነጻ ገጽ ያስቀምጡ የነበሩ ብዙ ድርጅቶች ተዘግተዋል፤ ስመ ጥሩው ጂኦሲቲስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2009 ተዘግቷል።

ማታ ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። «አባትህ ከዳዊታቸው ጋር ያስቀመጡት ወረቀት አለ» አለችኝ። «ልጁ ሲመጣ ያርመዋል ይሉ ነበር።»

ያን ጊዜ አትሜ እንደሰጠሁት ትዝ አለኝ። ያስቀመጠው በልጁ ሥራ ኮርቶ መስሎኝ ነበር። የእህቴ ልጅ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ላከልን። ወረቀቱ በአባቴ እስክሪብቶ ታርሟል። እኔ «አባቴ የሠራው ቤት» ብዬ ከጻፍኩት ላይ «አባቴ» የሚለውን ሰርዞ፣ ከላዩ «ሰፈሩ በደቦ» ብሎ ጽፏል። ከግርጌ ደግሞ እንጨት ያመጡትን፣ ጭቃ ያቦኩትን፣ ሣር ያጨዱትን የ11 ሰዎች ስም ዘርዝሯል። ከእነሱ የማውቀው ሦስቱን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ አገር ቤት ሄጃለሁ። ስለ ወረቀቱ አልጠየቅኩትም፤ እሱም አላነሣብኝም።

ልጄና እኔ ሁለት ምሽት ተቀመጥን። እኔ አነበብኩ፣ እሷ ጻፈች። የማናውቃቸውን ስሞች እናቴን በስልክ እየጠየቅን፣ የማን አባት፣ የማን አያት እንደሆነ አብረን መዘገብን።

ወላጆች፣ እንዲህ ያለ አሮጌ ፋይል ካላችሁ ሳይረፍድ ክፈቱት። በድሮው ፊደል የተጻፈን ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ። ልጆቻችሁ ዛሬ እንደ ስክራች ባሉ ፕሮግራሞች የሚሠሯቸውን ጨዋታዎችና ገጾችም ስምና ቀን ጽፋችሁ ሁለት የተለያየ ቦታ አስቀምጡ። የሚታተመውን አትሙና ለአያቶች ስጡ። በሚቀጥለው ጉዟችሁ ደግሞ «ምን ላርም?» ብላችሁ ጠይቁ።

የታረመውን ጽሑፍ ትናንት በአውቶቡስ ለእናቴ ልከናል። ልጄ ከግርጌው ባዶ ቦታ ትታለች፤ አያቷ የምትጨምረው ስም ካለ ብላ።