የኦክቴን ቁጥርና የማኅበሩ አሮጌ መኪና በአርሲ ደጋ

የሰብል ባለሙያ ስለ ቤንዚን ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሱ አጭር ነው። በአርሲ ደጋ ስንዴና ገብስ የሚዘራበት ጊዜ ጠባብ ነው። በሰኔ ከመጋዘን ወጥቶ ገበሬው እጅ መግባት የሚገባው ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ መኪና በመበላሸቱ ምክንያት ሁለት ሳምንት ቢዘገይ፣ ዝርያው የቱንም ያህል የተሻለ ቢሆን ያለፈውን ጊዜ አይመልሰውም። በታኅሣሥም የቢራ ገብስ ወደ አሰላ ብቅል ፋብሪካ የሚጫንበት ሰዓት ሲደርስ ሁኔታው ያው ነው። ስለዚህ የማኅበሩ መኪና ምን እንደሚጠጣ ማወቅ የእርሻው ሥራ አንድ ክፍል ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር መለየት ይገባል። በአካባቢያችን እህል የሚያመላልሱት አይሱዙና ፊያት የመሳሰሉት የጭነት መኪናዎች፣ እንዲሁም ትራክተሮችና ኮምባይነሮች፣ በአብዛኛው የሚሠሩት በነጭ ናፍጣ ነው። ለእነዚህ የኦክቴን ቁጥር ምንም ትርጉም የለውም። የናፍጣ ጥራት የሚለካው ሴቴን በሚባል ሌላ መለኪያ ሲሆን፣ ትርጉሙም ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል። ሴቴን ነዳጁ በመታመቅ ብቻ በቶሎ የመቀጣጠል ችሎታው ነው። ኦክቴን ግን ቤንዚን ካንዴላው ሳይተኩስ በራሱ እንዳይቀጣጠል የመቋቋም ችሎታው ነው። በዚህም ምክንያት ናፍጣ ላይ ቤንዚን መጨመር ሞተሩን ይጎዳል እንጂ አያበረታም። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በካርቡራቶር የሚሠሩትን አሮጌ የቤንዚን መኪናዎች፣ ማለትም እንደ ላንድ ሮቨር፣ ቶዮታ ላንድ ክሩዘርና ፔጆ 404 ፒክ አፕ ያሉትን ነው።

በሾፌሮችና በማኅበር አመራሮች ዘንድ ሥር የሰደደ እምነት አለ። ይኸውም ኦክቴኑ ከፍ ያለ ቤንዚን ጉልበት ይሰጣል የሚል ነው። ይህ ስሕተት ነው። ከፍተኛ ኦክቴን ያለው ቤንዚን በውስጡ የበለጠ ኃይል አልያዘም። ጥቅሙ አንድ ብቻ ነው፤ በሲሊንደሩ ውስጥ አየርና ነዳጁ ሲታመቅና ሲግል ጊዜው ሳይደርስ በራሱ እንዳይፈነዳ ይከላከላል። ጊዜውን ያልጠበቀ ፍንዳታ ሲኖር ሞተሩ ዳገት ላይ ጭነት ይዞ ሲወጣ ብረት ለብረት የሚጋጭ የመሰለ ድምፅ ያሰማል። ሞተሩ ያንኳኳል የሚባለው ይህ ነው። ይህ ድምፅ ችላ ከተባለ ፒስተን ይበሳል፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ይቃጠላል። ሞተሩ ከማያንኳኳበት ቁጥር በላይ የሚከፈል ገንዘብ ግን በከንቱ የሚጠፋ ነው።

አንድ ሞተር ስንት ኦክቴን ይፈልጋል? ይህን የሚወስነው በዋነኛነት የማመቂያው መጠን ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራው ባለ 6 ሲሊንደር የላንድ ክሩዘር ቤንዚን ሞተር አየርና ነዳጁን የሚያምቀው ወደ 7.8 እጥፍ ነው። የዚያ ዘመን ባለ 4 ሲሊንደር ላንድ ሮቨር ደግሞ እንደ ሞዴሉ 7 ወይም 8 እጥፍ ነው። ዛሬ የሚሠሩት ሞተሮች አብዛኛዎቹ ወደ 10 እጥፍና ከዚያም በላይ ያምቃሉ። ከ8 እጥፍ የማይበልጥ ሞተር በባሕር ጠለል ላይ ሲሠራ እንኳ 90 ገደማ ኦክቴን ይበቃዋል።

እኛ ግን ያለነው በባሕር ጠለል ላይ አይደለም። አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በቆጂ ከዚያም ትበልጣለች። በአሰላ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር ሳሳ ስለሚል ሲታመቅ የሚፈጠረው ግፊት ያንሳል፤ የመንኳኳት አደጋውም ይቀንሳል። ካርቡራቶር ላላቸው አሮጌ ሞተሮች ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር የኦክቴኑ ፍላጎት በግምት 1 ቁጥር ያህል ይወርዳል። በዚህ ስሌት በባሕር ጠለል ላይ 90 የሚፈልግ ሞተር አሰላ ላይ 82 ገደማ ይበቃዋል ማለት ነው። በሰሜን አሜሪካ ተራራማ ግዛቶች ከሌላው ክፍል ያነሰ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ሲሸጥ የኖረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ መጽሐፍ ለሚያነቡ መካኒኮች አንድ ማሳሰቢያ አለ። የአሜሪካ የቁጥር አሰጣጥና የአውሮፓው አንድ አይደለም። በአሜሪካ 87 የተባለው ቤንዚን በአውሮፓው አቆጣጠር ወደ 91 ነው። ሁለቱን ሳይለዩ ማወዳደር ያሳስታል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ሌሎች ቁጥሮች በአውሮፓው አቆጣጠር ናቸው።

የአሰብ ማጣሪያ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ካቆመ ወዲህ የምንጠቀምበት ቤንዚን ተጣርቶ ከውጭ የሚመጣ ነው። በዓለም ገበያ ተራ የሚባለው ቤንዚን በአብዛኛው 91ና ከዚያ በላይ ነው። መንግሥት በሚያወጣው የነዳጅ ዋጋ ዝርዝርም ላይ ቤንዚን የሚለው አንድ መስመር ነው። እንግዲህ ንጹሕ ከሆነ የማደያው ቤንዚን በደጋ ለሚሠራ አሮጌ ሞተር ከበቂ በላይ ነው። ኦክቴን ያሳድጋል ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠውን ፈሳሽ ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና መግዛት የማኅበሩን ገንዘብ ማባከን ነው።

ከዚህ ተነሥቶ፣ ደጋው ብዙ ኦክቴን ካልፈለገ ቤንዚኑን በነጭ ጋዝ አበርክተን ለምን አንቆጥብም የሚል ሰው አይታጣም። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። የነጭ ጋዝ ኦክቴን እጅግ ዝቅተኛ ስለሆነ ጥቂቱ እንኳ የቤንዚኑን ቁጥር ይጥለዋል። ከዚህም በላይ ነጭ ጋዝ በቀላሉ አይተንም። ውርጭ በሚጥልበት የታኅሣሥ ጠዋት ሞተሩ አልነሣ ይላል፤ ከተነሣም በኋላ ያልተቃጠለው ነዳጅ የሲሊንደሩን ግድግዳ ቅባት አጥቦ ወደ ሞተሩ ዘይት ይወርዳል። ዘይቱ ይቀጥናል፤ ቀለበቱና ኩሽኔታው ያለ ዕድሜው ያልቃል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ በሊትር ጥቂት ብር የቆጠበ ማኅበር ሙሉ የሞተር እድሳት ይከፍላል። በመንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስና በጀሪካን የሚሸጠው ቤንዚን የሚያስፈራውም ለዚህ ነው። ምን እንደተቀላቀለበት ሻጩም ላያውቀው ይችላል።

ታዲያ በቂ ኦክቴን ያለው ንጹሕ ቤንዚን ተሞልቶ ሞተሩ የሚያንኳኳው ለምንድን ነው? ምክንያቱን ከሞተሩ መፈለግ ይገባል። ከዚህ የሚከተሉት በቅደም ተከተል ይመርመሩ፦

ሀ. የካንዴላው ብልጭታ የሚወጣበት ጊዜ፣ መካኒኮች ታይሚንግ የሚሉት፣ ከመጠን በላይ ቀድሞ ሊሆን ይችላል። በሳሳ አየር ነዳጁ በዝግታ ስለሚቃጠል ብልጭታውን በጥቂቱ ማስቀደም በደጋ ይጠቅማል። ነገር ግን መኪናው የሚሠራው አሰላ ብቻ አይደለም። በኢተያና በዴራ አድርጎ ወደ አዳማ ይወርዳል፤ ከዚያም አልፎ 950 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ወደ መተሐራ ሊወርድ ይችላል። እዚያ አየሩ ወፍራምና ሞቃት ነው። ስለሆነም ታይሚንጉ መስተካከል የሚገባው መኪናው ጭኖ ለሚደርስበት ዝቅተኛና ሞቃት ቦታ እንጂ ለቆመበት ግቢ አይደለም።

ለ. በፒስተኑና በቴስታታው ላይ የተጋገረ ጥቀርሻ የማመቂያውን ቦታ ያጠብባል፤ ሲግልም እንደ ፍም ሆኖ ነዳጁን ያቀጣጥላል። ቁልፍ ከተዘጋ በኋላ ሞተሩ አልጠፋ የሚል ከሆነ አንዱ ምልክት ይህ ነው። መፍትሔው ቴስታታውን አውርዶ ማጽዳት ነው።

ሐ. የሞተር መጋል ሌላው ምክንያት ነው። በአሰላ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የማይዝ ከሆነ ውኃው ቶሎ ፈልቶ ይጎድላል። ክዳኑ ርካሽ ነው፤ ሞተሩ ግን ርካሽ አይደለም።

መ. በቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር ደጋ ሲወጣ ለሳሳው አየር ነዳጅ ያበዛበታል። ይህ ሞተሩን አያስንኳኳውም፤ ነገር ግን ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭስ ይበዛል፣ የጥቀርሻው ምንጭም ይሆናል። መኪናው አብዛኛውን ጊዜ በደጋ የሚሠራ ከሆነ አነስ ያለ የነዳጅ ማሳለፊያ ቀዳዳ ቢገጠምለት በነጭ ጋዝ ከሚገኘው የበለጠና እውነተኛ ቁጠባ ይገኛል።

ሌላው ሊዘነጋ የማይገባው የእርሳስ ጉዳይ ነው። ለብዙ ዓመታት የቤንዚን ኦክቴን የሚያድገው በእርሳስ ቅመም ነበር። ቅመሙ ለሰው፣ በተለይም ለሕፃናት አእምሮ፣ መርዝ በመሆኑ ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እስከ 2006 (እ.ኤ.አ.) መባቻ ድረስ አቁመውታል፤ በመላው ዓለም ለመኪና መሸጡ ያበቃው በ2021 (እ.ኤ.አ.) ነው። መቅረቱ ደግ ነው። ነገር ግን በእርሳስ ዘመን የተሠሩ ብዙ ሞተሮች የጭስ ማውጫ ቫልቭ መቀመጫቸው ለስላሳ ብረት ስለሆነ፣ ይጠብቀው የነበረው የእርሳስ ሽፋን ሲቀር በከባድ ጭነት ቀስ በቀስ ይበላል። ቫልቩ ወደ ውስጥ ይሰምጥና ክፍተቱ ይጠፋል፤ በመጨረሻም ቫልቩ ይቃጠላል። ይህን ጉዳት ከፍተኛ ኦክቴን አያድነውም። የቫልቩን ክፍተት ቶሎ ቶሎ መለካት፣ ቴስታታው ለእድሳት ሲወርድ ደግሞ ጠንካራ የብረት መቀመጫ ማስገጠም ያስፈልጋል።

ለማኅበራት የምሰጠው አስተያየት እንግዲህ የሚከተለው ነው። የነዳጅ ግዢ ለሾፌሩ ብቻ የሚተው ነገር መሆን የለበትም። በማደያ ወረፋ ሌሊቱን ያደረ ሾፌር ከመንገድ ዳር ቢገዛ ጥፋቱን በእርሱ ላይ መጣል ቀላል ነው፤ ግን ዘሩ እንዲደርስ ያዘዘው፣ በቂ ነዳጅ ግን አስቀድሞ ያላዘጋጀው ኮሚቴው ነው። ከዘርና ከአጨዳ ወቅት አስቀድሞ የነዳጁ ፍላጎት ይሰላ፤ ከሕጋዊ ማደያ ይገዛ፤ ቀኑ፣ ሊትሩ፣ የተጓዘው ኪሎ ሜትርና የተገዛበት ቦታ በአንድ መዝገብ ይጻፍ። ፍጆታው በድንገት ቢጨምር መዝገቡ ከመካኒኩ ቀድሞ ይናገራል።

የኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ሊረዱ ይችላሉ። ማንም ሊያደርገው የሚችል ቀላል ምርመራ አለ። ከእሳት ርቆ አንድ ጠብታ ቤንዚን በንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ ይደረግ። ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተንኖ ወረቀቱን እንደነበረ ይተወዋል፤ ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ያለበት ግን ቅባት የመሰለ ክብ ያስቀራል። ይህ የላቦራቶሪን ምርመራ አይተካም፤ ነገር ግን ጉልሁን ማጭበርበር ያጋልጣል። ነዳጅን በጎማ ቱቦ በአፍ መሳብም ይቅር፤ ወደ ሳንባ ከገባ ይገድላል።

በመጨረሻም፣ አሮጌው የቤንዚን መኪና ሙሉ እድሳት በሚያስፈልገው ጊዜ ማኅበሩ ቆም ብሎ ሊያስብ ይገባል። ለእድሳቱ የሚወጣው ገንዘብ፣ የዓመቱ ቤንዚንና በወረፋ የሚጠፋው ቀን ተደምሮ፣ በዘርና በአጨዳ ወቅት የናፍጣ መኪና ከመከራየት ጋር ይነጻጸር። መኪናው ለማኅበሩ የቆየ ባለውለታ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም የጉባኤው አባላት የሚጠይቁት ዘሩ በሰኔ መድረሱን ነው።