ከሥጋ ጾምን፤ ከወሬስ?



ሃምሳ አምስቱን ቀን የጾመ ምእመን ዛሬ ከማዕዱ ሲቀርብ ከምን ተከልክሎ እንደ ሰነበተ ያውቃል። ሥጋው፣ ወተቱ፣ ቅቤውና እንቁላሉ ተቈጥሮ የሚታወቅ ነውና። ከወሬ መጾሙን ግን ማን ጠየቀው? ቅዱስ ያሬድ በጾመ ድጓው ጾምን ለሆድ ብቻ አልተወውም፤ ዓይንንም ጆሮንም አንደበትንም አስገብቶበታል። በዘመናችን በእነዚህ ላይ አንድ ሌላ አካል ተጨምሯል፤ ይኸውም በስልክ መስታወት ላይ የሚሮጠው አውራ ጣት ነው።

ነገሩን አጥብቄ እንዳስብ ያደረጉኝ በምኖርባት በቦዲቲ ሱቅ ያላቸው አንድ ሙስሊም አባት ናቸው። ቦዲቲ ከሶዶ ወደ ሃላባና ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የወላይታ ከተማ ስትሆን፣ ከነዋሪዋ የሚበዛው የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተከታይ ነው፤ ሙስሊሙ በቍጥር ጥቂት ነው። በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2፣ በገቡበት ወቅት እንዲህ ሲሉ አጫወቱኝ፦ «ስልኬ የሶላቱን ሰዓት ይነግረኛል፤ መንገድ ላይ ስሆን ቂብላውን ያሳየኛል፤ ዓይኔ ሲደክም ቁርአኑን ያሰማኛል። በዚያው ስልክ ደግሞ አይቼው የማላውቀውን ሰው ጠላትህ ነው ይሉኛል። እስከ መግሪብ ከውኃ የጠበቅሁትን ጾም በዚህ ካበላሸሁት ምን ቀረልኝ?» ከዚያም ከሱረቱ አል-ሑጁራት ሁለት ነገር ጠቀሱልኝ። አንደኛው አመፀኛ ሰው ይዞት የመጣውን ወሬ ሳያጣሩ እንዳይቀበሉ የሚያዝ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሐሜትን የሞተ ወንድምን ሥጋ ከመብላት ጋር የሚያመሳስል ነው።

የአባቶችን መጻሕፍት ላነበበ ክርስቲያን ይህ ሁለተኛው ምሳሌ ባዕድ አይሆንበትም። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአንጾኪያ ያስተምር የነበረው ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም ከሥጋ ተከልክለው ወንድማቸውን በአንደበታቸው የሚበሉትን ገሥጿል። ሁለቱ ሃይማኖቶች በመሠረተ እምነት ይለያያሉ፤ ልዩነቱን መሸፋፈንም ለማንም አይበጅም። ነጋዴው የፈሩትን ነገር ግን እኛም ልንፈራው ይገባል እላለሁ።

ፍርሃታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶች ተቃጠሉ። በ2014 ዓ.ም. የትንሣኤ በዓል በተከበረ በሁለተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 18፣ በጎንደር በአንድ የሙስሊም አባት ቀብር ላይ በተነሣ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ሚያዝያ 20 ደግሞ በስልጤ ዞን ወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ነደዱ። መንገደኛ ከጎንደር ወራቤ ለመድረስ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ያቋርጣል፤ ምስልና ወሬ ግን ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ይደርሳል። የወራቤው ምእመን በጎንደሩ ጠብ ምን እጅ ነበረው? በአንጻሩ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች ለመብታቸው ሰልፍ ሲወጡ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጥተው ነበር። ያን ጊዜ ይህ ሁሉ ስልክ አልነበረም፤ ሰው ጎረቤቱን የሚያውቀው በጎረቤትነቱ ነበር።

አንዳንድ ወገኖች መሣሪያውን ራሱን ሲያወግዙ እሰማለሁ። ከእነርሱ ጋር አልስማማም። ካህን በሌለበት ባዕድ አገር የሚኖር ልጃችን ማሕሌቱን የሚሰማው በዚሁ መሣሪያ ነው፤ ለነጋዴውም የሚሰጣቸውን አገልግሎት ከራሳቸው ሰምተናል። ሕግም የለም አይባልም። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወጥቷል። ይሁን እንጂ ሰው በመኝታ ቤቱ ተጋድሞ ለዘመዱ የሚልከውን ሁሉ ዳኛ ሊደርስበት አይችልም። ሊደርስበት የሚችል አንድ ሰው አለ፤ እርሱም የንስሐ አባት ነው።

የንስሐ አባቶቻችን በጾሙ ወራት ስለ ጸሎት፣ ስለ ስግደት፣ ስለ ምጽዋት ይጠይቁናል፤ መልካም ነው። አሁን ደግሞ በዓለ ሃምሳ ገብቷል፤ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። የአንደበትና የጣት ጾም ግን በዚህ ሥርዓት የሚፈታ አይደለምና፣ ለንስሐ ልጆቻቸው ይህን አንድ ጥያቄ ቢጨምሩልን እለምናለሁ፦ «በዚህ ሳምንት ሳታጣራ ምን ላክህ? ለማንስ ላክህ?»